ቀዩ ኮከብና የጋሽ ደምሴ የበልግ ገብስ

ቅዳሜ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መንዝ

ጉዞዬ የተነሳው ከአክስቴ ከበለጡ ስልክ ነው። ባሏ ጋሽ ደምሴ፣ ቤተልጌዝ የሚባለው ቀይ ኮከብ ፈንድቶ ምድርን ያቃጥላል የሚል ቪዲዮ አይተው፣ የበልጉን ገብስ አልዘራም ብለዋል። “አንቺ ፊዚክስ ታስተምሪ የለ? ነይና አነጋግሪልኝ” አለችኝ።

ጎህ ሲቀድ ተሳፈርኩ። ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ስንታጠፍ ጉሙ ከቆላው እየተነሳ መንገዱን ሸፈነው፤ ሾፌሩም ፍሬን እየያዘ በዝግታ ነዳ። ሞላሌ ቁርስ በላን፤ በቅቤ የራሰ የገብስ ቂንጬ። የበግ ጠጉር ባና የተከናነቡ ሰዎች በጎቻቸውን ወደ ገበያ ይነዳሉ። ከመሐል ሜዳ ወዲያ ያለውን በፈረስ ሄድኩ።

ምሽት 1 ሰዓት፣ ጓሳ አጠገብ

ጋሽ ደምሴ ከደጃፉ ቆመው ወደ ምሥራቅ አመለከቱኝ። ኮከቡ ፍም መስሎ ወጥቷል።

“ያ ነው” አሉ።

“አይዞዎት ጋሼ፣ ምንም አይመጣም።”

“ጭራሽ?”

“ጭራሽ።”

ትክ ብለው አዩኝ። “አንቺም ልታባብዪኝ ነው የመጣሽው” ብለው ወደ ቤት ገቡ። አፈርኩ፤ እውነታቸውን ነበር።

እሁድ፣ ጓሳ ሜዳ

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጓሳ ወጣን። ጋሽ ደምሴ ሣሩ ያለጊዜው እንዳይታጨድ ለዓመታት የጠበቁ ሰው ናቸው። ንፋሱ ሣሩን እንደ ውኃ ያናውጠዋል።

“ኮከቡ ሩቅ ነው ትላላችሁ። ማን ለካው?” አሉኝ።

አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አጠገባችን የቆመውን ረጅም ተክል፣ ጅብራውን እንዲያዩ፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄደው እንደገና እንዲያዩ ነገርኳቸው። ተክሉ ከኋላው ካለው ተራራ አንጻር ቦታውን ለቀቀ። ራቅ ያለው ጅብራ ግን እምብዛም አልተንቀሳቀሰም። ደጋግመው ሞከሩት።

“ገባኝ፤ የራቀው ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ለኮከብ ግን ሁለት እርምጃ ምን ይበቃዋል?” ብለው አሰቡ። ቀጥለውም፣ “ምድር ፀሐይን ትዞራለች ትሉ የለ? ወር እየቆጠራችሁ ብታዩት፣ ምድር ራሷ ትራመድላችኋለች” አሉ።

እኔ ይህን ለማስረዳት ሁልጊዜ አንድ ሰሌዳ ሙሉ ሥዕል እስላለሁ። እሳቸው ቆመው ደረሱበት።

“ጋሼ፣ ትናንት ጭራሽ ያልኩዎት ልክ አልነበረም” አልኩ። ኮከብ ቅርባችን ቢፈነዳ ጨረሩ ምድርን ከፀሐይ የሚጋርዳትን የኦዞን ሽፋን ሊያሳሳው፣ ፀሐይም ሰብሉንና የባሕሩን ሕይወት ልትጎዳ እንደምትችል ነገርኳቸው። ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የፈነዱ ከዋክብት የረጩት የብረት ብናኝ በውቅያኖስ ወለል መገኘቱንም ጨመርኩ። ለዚያ ጉዳት ግን ኮከቡ ብርሃኑ ከሃምሳ ዓመት ባነሰ ጊዜ የሚደርሰን መሆን አለበት። የቤተልጌዝ ብርሃን መንገድ ላይ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ቢፈነዳ ለሳምንታት በቀን ይታያል እንጂ አይጎዳንም። የማረሻው ብረት፣ የደማችንም ብረት እንዲህ ከሚፈነዱ ከዋክብት የመጣ መሆኑን ነገርኳቸው።

“ምናልባት እስካሁን ፈንድቶ ይሆናላ፤ ብርሃኑ መንገድ ላይ ነው” አሉ።

“ሊሆን ይችላል።”

“ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?”

“እንዳይፈሩ ብዬ።”

“የፈራሁት እኮ የምትደብቁኝ ነገር ያለ መስሎኝ ነው።”

ሰኞ፣ የመልስ ጉዞ

ስነቃ በሬዎቹ ተጠምደዋል። ጋሽ ደምሴ ዘሩን እየበተኑ፣ “በቀን የሚታይ ከሆነ፣ እንግዲህ ዕድሜ ሰጥቶ ያሳየን” አሉኝ። አክስቴ በለጡ ቆሎ ቋጥራ እየሳቀች ሸኘችኝ።

አዲስ አበባ ቤቴ የገባሁት ሲመሽ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሳስተምር፣ ተማሪዎች ከዋክብት ይጎዱናል ወይ ሲሉኝ “አትፍሩ” ብዬ አልፍ ነበር። ማክሰኞ ክፍል ስገባ “አዎ፣ ቅርብ ከሆኑ” ብዬ ጀመርኩ። ተማሪዎቼ አልፈሩም፤ ሊጠይቁ እጃቸውን አወጡ።