ኢሞጅን ያጠበችው በር

ኢሞጅን ካፍሪ በሉዊቪል ከተማ አሮጌ ሰፈር አሥራ ሁለት ዓመት የሰው በር ስትፍቅ ኖራለች። በቪክቶሪያ ዘመን ሀብታሞች ያሠሯቸው ትልልቅ ቤቶች ለተከራይ ተሸንሽነው ብዙ ከቆዩ በኋላ፣ መልሰው የሚጠግኗቸው ሰዎች እየገዟቸው ነበር። የእሷ ሥራ በየበሩ ላይ የተደራረበውን ቀለም አንሥቶ እንጨቱን ማውጣት ነው። ማስታወቂያ አውጥታ አታውቅም፤ አንዱ ጎረቤት ለሌላው እየነገረላት ነው የምትጠራው።

የቤቶቹን አሠራር ስም ብዙም አታውቅም። ድቡልቡል ግንብ ያለውን የጠርብ ድንጋይ ቤት «ኮስታራው» ትለዋለች። ከመስኮቶቹ በላይ ቅንድብ የመሰለ ጌጥ ያለውን ቀጭን የጡብ ቤት ደግሞ «እመቤቲቱ»። በአጠገባቸው ስታልፍ በልቧ ሰላም ትላቸዋለች።

በዚያ ጸደይ እመቤቲቱን የገዙት ሚስተር ሃርላን ፕሪዊት አስጠሯት። ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። የምድር ቤቱ ሰባት በሮች ሁሉም ነጭ ተቀብተዋል።

«ከሥሩ ኦክ ነው፣ ውድ እንጨት» አሏት፣ አንዱን በጣታቸው እያንኳኩ። «ቤቱን ያሠራው የትንባሆ ነጋዴ ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት ሠርቶ በር ላይ አይቆጥብም። በመስከረም ሰፈሩ ቤቶቹን ለጎብኚ ሲከፍት፣ በሮቼ ራቁታቸውን እንዲቆሙ እፈልጋለሁ፣ ሚስ ኢሞጅን።»

«ራቁታቸውን ከሆነ እንኳን በበረዶ ወቅት አልሆነ» አለች ቀስ ብላ። ሚስተር ፕሪዊት ሳቁ።

ከምግብ ክፍሉ በር ጀመረች። የቀለም ማላቀቂያውን ስትቀባ ነጩ ተነሣ፤ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከዚያም ክሬም ቀለም መጣ። ቀጥሎ የጠቆረ ቡናማ ነገር ወጣ። የከሰል ጥላሸት የጠጣ አሮጌ ቫርኒሽ መሰላት፤ እንደ ልማዷ ጨርቅ ቀለም በሚያሟሟ አኳራጅ አርሳ ከላይ እስከ ታች አጠበችው። የወጣው ግን ኦክ አልነበረም። የገረጣ፣ አረንጓዴ ቢጤ መስመር ያለበት ርካሽ እንጨት ነው።

ከታችኛው ማጠፊያ ሥር ጨርቁ ያልደረሰባት መዳፍ የምታህል ቦታ ቀርታ ነበር። ኢሞጅን ተንበርክካ አየቻት። የኦክ ጅማት ነው፤ በእጅ የተሣለ። አንድ ሰው ርካሹን እንጨት ኦክ ለማስመሰል በቢጫ ቀለም ላይ ቀጭን ቡናማ ቀብቶ፣ በብረት ማበጠሪያ አበጥሮ፣ አውራ ጣቱ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ የኦክን ብልጭታ አውጥቶበታል። የጣቱ ስፋት ሳይቀር ይታያል። ቆሻሻ ብላ ያጠበችው እሱን ነው። ከዚህ በፊትስ ስንት በር አጥባ ይሆን?

ማታ ለእህቷ ለሉዊላ ነገረቻት።

«ማን አየሽ?» አለች ሉዊላ፣ የኪያር ሳንድዊቿን ጠርዝ እየቆረጠች።

«ማንም።»

«ታዲያ ምን አፍሽን አሳከከሽ? ነጋዴው ቋጣሪ ነበር በያቸው፣ አለቀ! ቤተ ክርስቲያን ስትዘምሪ እንኳ ድምፅሽ የማይሰማ ሴትዮ፣ ዛሬ ነው ልትለፈልፊ የተነሣሽው?»

«ስድስት በር ይቀራል፣ ሉ።»

«ይቅራ! ይሄን ሰፈሩ ቢሰማ ሁለተኛ ማን ይጠራሻል?»

እሱን ኢሞጅንም አስባዋለች። እንቅልፍ ሳይወስዳት ነጋ።

ጠዋት ስትደርስ ሚስተር ፕሪዊት አንድ ቆርቆሮ ጥቁር ቡናማ ቀለም ይዘው በሩ ፊት ቆመዋል።

«ተሸወድን፣ ሚስ ኢሞጅን! ያ ነጋዴ ርካሽ እንጨት ነው የተወልን። ግድ የለም፤ ሌሎቹንም ይጠቧቸውና ሁሉንም በዚህ እናጠቁራቸዋለን።»

ዝም ብትል ስሟ እንዳማረ ይቀራል፤ ስድስቱ በሮች ግን በገዛ እጇ ይጠፋሉ።

«አልተሸወዱም» አለች። «የተሣለ ኦክ ነበረበት። እኔ ነኝ አጥቤ ያጠፋሁት።» የቀረችውንም ቦታ አሳየቻቸው።

ሚስተር ፕሪዊት መነጽራቸውን አድርገው ተንበረከኩ። ሲነሡ ፊታቸው ቀልቷል።

«ስንት ዓመት ሙሉ ተከራይ ያላጠፋውን፣ እርስዎ በአንድ ከሰዓት!»

«አዎ።»

«ሌላ ቤትስ?»

«ሳላደርገው አልቀርም። አላየሁትም ነበር።»

ሚስተር ፕሪዊት በረንዳው ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ኢሞጅን መፋቂያዎቿን በጋዜጣ ጠቅልላ ስትወጣ ቀና አሉ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቴ። ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«ሌላው ሰው ቡናማውን ሲያይ ቆሻሻ ነው ይላል። ከእንግዲህ እንዲያ የማይሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ይመለሱ።» ቁጣቸው ግን አልበረደም፤ ሳምንት ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገሯትም።

ከዚያ ወዲያ ማላቀቂያ አልነካችም። በደነዘዘ ስለት፣ በደረቁ፣ ከቡናማው በላይ ያሉትን ቀለሞች እንደ እንቁላል ቅርፊት ታነሣ ጀመር። አንዳንድ ቀን የምትጨርሰው ከእጅ መዳፍ አይበልጥም። መስከረም ሲደርስ ያለቀላቸው ሁለት በሮች ብቻ ነበሩ።

የጉብኝቱ ዕለት ቤቱ በሰው ሞላ። አንዲት ባለ ሰማያዊ ባርኔጣ ሴት ራቁቱን በር አይታ፣ «ይሄኛው ምን ሆኖ ነው?» አለች። ሚስተር ፕሪዊት ዓይናቸውን ወደ ኢሞጅን መለሱ።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለች ኢሞጅን። «ከሥሩ ቡናማ ሲመጣ ቆሻሻ መስሎኝ አጠብኩት።»

የሴትየዋ ፊት ተለዋወጠ። «ቡናማ? ከክሬሙ ሥር?»

«አዎ።»

«ወይኔ! ባሌ አሁን ቤት ሆኖ የእኛን በር እያጠበ ነው!» ባርኔጣዋን በእጇ ይዛ ወደ መንገዱ ሮጠች።

«ምን ቆመው ያያሉ?» አሉ ሚስተር ፕሪዊት። «ሳያጠፋው ይከተሏት እንጂ!»

ኢሞጅን የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን እንዳደረገች ሴትየዋን ተከትላ ወጣች።