ያልተወለደው ሐኪም

ከማተሚያ ቤቱ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል የምትሠራውን ሴት የሚያውቋት ሁሉ «ብሩሽ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ታች ያሉት የማተሚያ ሠራተኞች ናቸው። ኮምፒውተሯ ላይ ካፈጠጠች ጆሮዋ ሥር ቢጮሁባት አትሰማም፤ ጣቷ ብቻ እንደ ቀለም ቀቢ ብሩሽ ወዲህና ወዲያ ይላል። መተዳደሪያዋ የድረ ገጽ ምስል ነው፤ የሱቅ ባነር፣ የትምህርት ቤት ዓርማ፣ ከእውነተኛው ይልቅ ያማሩ የሆቴል ክፍሎች። ልቧ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ሥራ ሲቀዘቅዝ ለራሷ አዳዲስ ነገር ትሞክራለች። የተሰነጠቀ ግድግዳ ፎቶ ላይ የባሕር ሞገድ ታለብሳለች፤ በአንዲት የዝናብ ጠብታ ውስጥ ከተማ ሙሉ ታስገባለች። ከሁሉ አስበልጣ የምትወደው ግን ፊት መሥራት ነው። የአንዱን ግንባር ከሌላው አገጭ ጋር ታጋጥማለች፣ ቆዳውን ታዋህዳለች፣ ብርሃኑን ከአንድ ወገን ታመጣለች፤ በመጨረሻ በምድር ላይ የሌለ ሰው ከስክሪኑ ቁልጭ ብሎ ያያታል። የማያውቁትን ሰው ፎቶ ሳያስፈቅዱ መቁረጥ ነውር ስለሚመስላት የምትቆርጠው ከቤተሰቧ ነው። አፍንጫ ከአጎቷ፣ ጥርስ ከወንድሟ፣ ዓይን ከሟች አባቷ። አባቷ ሰው ሲያጫውተው አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሚሰማ ሰው ነበር፤ ምንም ሳይናገር «አይዞህ» የሚል ዓይን ነበረው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ደንበኛ ደረጃውን ወጣ። ከእሱ ቀድሞ ሽቶው ገባ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሲስቅ ጥርሱን የማያሳይ ሰው ነው። አዲስ ክሊኒክ እንደከፈተና ድረ ገጽ እንደሚያሠራ ነገራት። እያወራ ዓይኑ ስክሪኗ ላይ አረፈ።

«ይሄ ማነው?»

«ማንም አይደለም። ለጨዋታ የሠራሁት ነው።»

«ማንም አይደለም?» ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። «እንዲያውም ጥሩ። ነጭ ጋውን ታለብሺልኛለሽ?»

«እርስዎ ጋ ያለውን ሐኪም ፎቶ ለምን አያመጡልኝም?»

«ፎቶ አይወድም፣ እህቴ። ለገጹ ማሳመሪያ ነው፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው።»

ሁሉም የሚያደርገው መሆኑ እውነት ነበር። አለበሰችው። ሰውየው ከጎኗ ሆኖ ያርማታል፤ ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ይብዛ፣ ከዓይኑ ሥር ትንሽ ይጥቆር። «ደክሞት የማያውቅ ሐኪም አይታመንም» አላት። ብሩሽ ደነቃት። እስከዚያን ቀን ከደንበኛ የምትሰማው «ደመቅ ይበል» ወይም «ጽሑፉ ይተልቅ» ብቻ ነበር። የእጇን ሥራ የሚረዳላት ሰው በማግኘቷ፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ አላት።

ደስታዋ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ሰውየው በሌላ ቀን መጥቶ ከፊቱ ሥር ስም አስጻፈ፤ ከየት የመጣ ስም እንደሆነ አልነገራትም። ቆየት ብሎ ደግሞ «ድነናል» የሚሉ በሽተኞች ፊት ፈለገ። እሱንም እያመነታች ሠራችለት። በመጨረሻ ከሐኪሙ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ የሕክምና ዲግሪ እንድትሰቅልለት ጠየቃት።

«ይሄንንስ አልችልም» አለች።

አልተቆጣም። ትከሻዋን ቸብ አድርጎ «ተይው፣ አትጨነቂ» ብሏት ወረደ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም። ከሳምንታት በኋላ ገጹን ስትከፍተው ሐኪሟ እዚያው አለ፤ ከጀርባው ዲግሪ ተሰቅሏል። አሠራሩ የሌላ ሰው ነው፤ ጥላው በተቃራኒ ወድቋል። መጀመሪያ የታያት የጥላው ስህተት ነበር። ገጹን ዘጋችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የአባቷ እህት ጉልበቷን ከታመመች ቆይታለች። አንድ እሑድ ብሩሽ ልትጠይቃት ስትሄድ አክስቷ አልጋ ላይ ናት፤ እግሯ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተዘርግቷል። ክፍሉ የመድኃኒት ሽታ አለው።

«ምን ሆነሽ ነው እትዬ?»

«ሐኪም አገኘሁ ልጄ። ልጆቼ በስልክ ሲያሳዩኝ ወንድሜ ተነሥቶ የመጣ መሰለኝ። እንዴት ያለ ዓይን መሰለሽ። ሌላ ቦታ አልፈልግም ብዬ እዚያው ሄድኩ።»

ብሩሽ ወደ አልጋው ጠጋ አለች። «እሱን ራሱን አገኘሽው?»

«ቀዶ ጥገና ላይ ነው አሉኝ። መርፌውን ጉልበቴ ላይ የወጋኝ አንድ ጎረምሳ ነው። ትንሽ ያብጣል ብሎኛል።»

ብሩሽ ፋሻውን ገለጥ አደረገች። ጉልበቱ የሚያበራ እስኪመስል ተወጥሯል፤ እጇን ብታስጠጋ ትኩሳቱ ሳትነካው ተሰማት። ወዲያው መኪና ጠርታ ሆስፒታል ወሰደቻት። ሐኪሞቹ መገጣጠሚያው መመረዙን ነገሯቸው። በቀዶ ጥገና እግሩ ከመቆረጥ ተረፈ፤ ጉልበቱ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፈም።

አክስቷ ከማደንዘዣው በደንብ ስትነቃ ብሩሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት። አሮጊቷ «እና እሱ የለም?» አለች።

«የለም እትዬ። እኔ ነኝ የሠራሁት። ዓይኑ የአባዬ ነው።»

አክስቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ብሩሽ ከሆስፒታሉ ወጥታ በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። በሩ ተቆልፏል፤ በመስኮቱ ሲያዩት ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። አጠገቡ ያለው ባለሱቅ ዕቃውን በመኪና ጭነው እንደሄዱ ነገራት። የውጭው ግድግዳ ላይ ግን የሐኪሙ ፎቶ፣ በቁመቷ ልክ ታትሞ፣ እንደተሰቀለ ቀርቷል። ከሥሩ አንድ ሽማግሌ ሚስቱን ደግፎ ቆሟል።

«ልጄ፣ ሐኪሙ መቼ ይመጣል ይላሉ?» አላት።

ሁለቱንም ወደ ሆስፒታሉ ይዛቸው ተመለሰች።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ገባች። የተቀበለቻት መርማሪ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ ሴት ናት። ፖሊሶቹ ለፎቶው ሐኪም የመያዣ ማዘዣ አውጥተው ሲፈልጉት ሰንብተዋል። ብሩሽ ኮምፒውተሯን ከፍታ ፊቱን አንድ በአንድ ፈታችው። አፍንጫው ሲነሣ አጎቷ፣ ጥርሱ ሲነሣ ወንድሟ፤ በመጨረሻ ባዶ ስክሪን ላይ ሁለት ዓይኖች ብቻ ቀሩ። መርማሪዋ ዓይኖቹንም ብሩሽንም በየተራ አየች።

«ስለዚህ በእጃችን ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አለቻት።

ብዙ ሳይቆይ ከማይታወቅ ቁጥር መልእክት መጣላት። «ነርስ ፈልጌ ነበር፣ እህቴ። እንደ ሐኪሙ ፊቷ ልብ የሚያሳርፍ።» ወዲያው ለመርማሪዋ አሳየቻት።

«እሺ በይው» አለች መርማሪዋ። «ሥሪና በእጅ ካልሆነ አልሰጥም በይው።»

ነርሷን ስትሠራ ከቤተሰቧ ምንም አልወሰደችም። መርማሪዋ ፈቅዳ የሰጠቻትን የራሷን ፎቶ ቆራረጠች። እጇ ግን እንደ ልማዱ ሄደ፤ ስትጨርስ ነርሷ ደግ ሆና ቁጭ አለች። ብሩሽ እያየቻት ፈራች።

ቀጠሮው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚበዛበት ካፌ ነበር። ብሩሽ የነርሷን ምስል የጫነችበትን ፍላሽ ዲስክ ጨብጣ ተቀመጠች። ከጎኗ ባለው ጠረጴዛ መርማሪዋና የሥራ ባልደረባዋ ባልና ሚስት መስለው ሻይ አዘዋል። የቀጠሮው ሰዓት አለፈ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አንገቷ ይዞራል፤ የሚገባው ተማሪ ነው፣ እናትና ልጅ ናቸው፣ ዣንጥላ የረሳ ሰው ነው። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ።

«አጠገብሽ ያሉት ይጠጡ እንጂ፤ ሻያቸው ቀዘቀዘ።»

መርማሪዋ መልእክቱን አንብባ ሳትጨርስ ወደ በሩ ሮጠች። መንገዱ ግራና ቀኝ በሰው ተሞልቷል፤ ማንም አይሮጥም፣ ማንም አይደበቅም። ሰውየው እስከ ዛሬ አልተያዘም።

አክስቷ በክራንች ትሄዳለች። ለወራት አኩርፋት ቆይታ፣ አንድ ቀን ወደ ሆስፒታል ስትሄድ ቦርሳዋን እንድትይዝላት ለብሩሽ ሰጠቻት፤ ይቅርታ የሚባል ነገር ግን በመካከላቸው አልተነሣም። ብሩሽ ማተሚያ ቤቱን ለቃ ሌላ ሰፈር ተከራየች። አሁን የምትሠራው የሳሙና ካርቶንና የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ የዋጋ ወረቀት ነው። የሰው ፊት የሚጠይቅ ሥራ ሲመጣ ጊዜ የለኝም ትላለች። ክፍሏ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቷ ወደ መንገዱ ያያል። አንዳንድ ቀን መንገደኛ መስኮቱ ጋ ሲደርስ እርምጃው ይቆማል። ጫማውን የሚያስር ይሆናል፣ ስልክ የሚያነሣ ይሆናል። ብሩሽ እጇን ከማውሱ ላይ አንሥታ፣ እርምጃው እስኪቀጥል ድረስ ትጠብቃለች።