የተረፈ መድኃኒት አይጣልም

ቤታችን ካዛንቺስ ሳለ፣ ሰፈሩ ሳይፈርስ፣ ብፌው ላይ አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ነበረች። የተረፈ መድኃኒት የሚቀመጠው እሷ ውስጥ ነው። አንዱ ሲሻለው መዋጡን ያቆምና የቀረውን ካፕሱል እዚያ ያኖራል፤ ሌላው ጉሮሮውን ሲያመው ከዚያው አንስቶ ይውጣል። ጎረቤት ሳይቀር ብቅ እያለ "ያቺ ቀይ በጥቁሯ አለቻችሁ?" ይለን ነበር። እኛ ቤት የተረፈ መድኃኒት መጣል ምግብ እንደ መድፋት ያለ ነውር ነው።

ታላቅ ወንድሜ፣ ወንድም ጋሼ የምለው፣ ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር ጋራዥ ውስጥ ዕድሜውን የፈጀ መካኒክ ነው። ስኳር አለበት። አንድ ቀን መኪና የሚያነሳበት ክሪክ አምልጦት የግራ እግሩን አውራ ጣት ጨፈለቀው። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ የቁስል መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ካፕሱሉን ከሁለት ይፈለቅቁና ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ይነሰንሱታል፣ ከዚያ በጨርቅ ጥፍር አድርገው አስረው ወደ ሥራ። እሱም እንደዚያው አደረገ።

"ሐኪም ቤት ሂድ" ስለው "አንቺ ደግሞ! ለጣት?" አለኝ።

ጣቱ ጠቆረ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩን ብዙም አያመውም፤ የነገረን ሽታው ነው። ጎትቼ መንግሥት ሆስፒታል ወሰድኩትና አስተኙት። ቁስሉ እዚያው ከቆመ ጣቱ ብቻ እንደሚቆረጥ፣ ወደ ላይ ከወጣ ግን እግሩ እንደሚሄድ በግልጽ ነገሩን። ወንድሜ ሞትን አልፈራም። የፈራው ቁጭ ብሎ መጦርን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ትልቁ ዶክተር ተማሪዎቹን አስከትሎ አልጋ ለአልጋ ሊዞር ራውንድ መጣ። ቁስሉ ላይ ምን እንዳደረገበት ጠየቀው። የኔ የዋህ ካፕሱሉን ከነአፈለቃቀቁ አስረዳው። ጉድ ፈላ!

"እናንተ ሰዎች መድኃኒት እንደ ቆሎ ትቅማላችሁ! ጀርሙን የምታደነድኑት እናንተው ናችሁ!"

ያን የሚያክል ሰው፣ የስንቱን ሞተር ያስነሳ ሰው፣ ልጆች ፊት አንገቱን ደፋ። እኔ ምላሴ የማያርፈዋም የብስኩት ቆርቆሯችንን አስቤ አቀረቀርኩ፤ ዶክተሩ እውነቱን ነበራ።

ቁጣውን ሲጨርስ ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን መርፌ አዘዘ። ቀጥሎ፣ ከጎናችን ሆዱን ለተቀደደው ሰውዬ ሴፍትሪያክሶን። ከመኪና አደጋ ለመጣው ጎረምሳ ሴፍትሪያክሶን። መስኮቱ ጋ ለተኙት፣ ሕመማቸው ምን እንደሆነ ገና ላልታወቀላቸው አባት፣ ያው ሴፍትሪያክሶን። ሜኑውን አንብበህ ስትጨርስ "ዛሬ ያለው ሽሮ ብቻ ነው" እንደሚሉህ ምግብ ቤት። እኛ ስንቅመው ጥፋት፣ እነሱ ሲያስቅሙን ሕክምና። ሕመምተኛ አስተኝተህ ግን ምን ትላለህ?

ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ አንድ ወጣት ዶክተር ወደ ኋላ ቀረት አለ።

"ማዘር፣ መርፌው ከመጀመሩ በፊት ካልቸር ቢሠራለት ጥሩ ነበር። ማለቴ፣ መግሉን እንወስዳለን፣ ላብራቶሪ ጀርሙን ያሳድገዋል፣ ከዚያ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይታያል።"

ማዘር ማለቱን ይቅር አልኩት። "ታዲያ ይሠራለት!"

"ዛሬ ዓርብ ነው። ናሙና የሚቀበሉት ሰኞ ነው።"

ትልቁ ዶክተር ሰማና "እስከዚያ ይጀመርለት" ብሎ አለፈ። ጀርሙም ቅዳሜና እሁድ የሚያርፍ መስሎት እንደሆነ እንጃ።

መርፌው በሆስፒታሉ ፋርማሲ የለም፤ ከውጭ ግዙ ነው። ከኡራኤል እስከ ባምቢስ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬ፣ አንዱ ጋ ሳገኝ እንዳያልቅብኝ ብዬ አብዝቼ ገዛሁና ኮሞዲኖው ውስጥ ደረደርኩት። ሲስተሯ እየመጣች ከዚያ እያነሳች ትወጋዋለች። የክፍሉ ደንብ ታዲያ ከኛ ቆርቆሮ የተቀዳ ነበር። ሕመምተኛው ድኖም ይውጣ ሞቶ፣ የተረፈውን ብልቃጥ ይዞ የሚሄድ አስታማሚ የለም። ላጣ ሰው ሰጥቶ፣ ተመርቆ ነው የሚሄደው።

ሰኞ መግሉ ተወሰደ። እኔም የላብራቶሪው መስኮት ላይ ደጅ ጠኚ ሆንኩ። "አልደረሰም።" "ነገ ብቅ በይ።" "እህቴ፣ ጀርም እስኪያድግ ጊዜ ይፈልጋል እኮ!" በወንድሜ እግር ላይ ለማደግ ግን ጊዜ አልፈለገም። ጥቁረቱ ጣቱን አልፎ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት።

ዶክተሮቹ ራውንድ ሲመጡ ጠብቄ "መድኃኒቱ አይቀየርለትም ወይ?" አልኩ።

"ውጤት ሳይመጣ በምን መነሻ እንቀይራለን?" አሉኝ።

ወይ ጉድ! ሲጀምሩት ውጤት አላስፈለጋቸውም። ለመቀየር ግን ውጤት አስፈለገ።

ትኩሳቱ አልወርድ ሲል፣ ሕይወቱን ለማትረፍ ነው ብለው ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ። ሲነቃ ብርድ ልብሱን ገልጦ አላየም። በእጁ ዳበስ አደረገና "በቃ?" አለኝ። "በቃ" አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ውጤቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ወጣቱ ዶክተር ኮሪደር ላይ ጠራኝ።

"ማዘር፣ ጀርሙ በሴፍትሪያክሶን አይሞትም ነው የሚለው።"

"የሚገድለው አለ?"

"አለ። ዛሬ እንቀይርለታለን። ግን ቀድመን ብናውቅም እግሩ ላይተርፍ ይችል ነበር።"

ይሆናል። ይሁን እንጂ ማን ሞክሮ አየው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ወንድሜ ምን ደበቀ? ሁሉን ዘርዝሮ ተናግሮ ነው የተሰደበው። ይህንን ሁሉ በዚያ ልጅ ላይ እዚያው ኮሪደሩ ውስጥ አወረድኩበት። ቁጣዬ ሊያርፍበት የማይገባው እሱ ነበር፤ ቆሞ ሰማኝ።

በአዲሱ መድኃኒት ቁስሉ ደረቀ፣ ትኩሳቱም ወረደ። ያ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበኝ።

የወጣን ቀን ወንድሜን ዊልቸር ላይ አስቀምጬ ኮሞዲኖውን ሳራግፍ፣ የተረፉት የሴፍትሪያክሶን ብልቃጦች እንደተደረደሩ አገኘኋቸው። በጎናችን አልጋ አዲስ ሕመምተኛ ገብቶ ነበር። ሚስቱ የወሎ ሴት ናት፣ ባምቢስ ጋ ልብስ ትነግዳለች። ከጠዋት ጀምራ ፋርማሲ ስትዞር ውላ ላብ በላብ ሆና መጣች።

"እህቴ፣ ይሄን መርፌ የትም አጣሁት። የተረፈሽ ካለ በአላህ!"

"ለኛ አልሠራልንም" አልኳት። "የወንድሜን እግር አያችሁት አይደል? ካልቸር ይሠራለት በይ።"

"ብያለሁ። ሰኞ ነው አሉኝ። እስከዚያ ይጀመርለት ብሎ ዶክተሩ ያዘዘው ይሄንኑ ነው።" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "የናንተ ስኳርም ስላለበት ይሆናል፤ የኛ እኮ ሚስማር ብቻ ነው የወጋው" አለችኝ።

አትስጪው ብዬ በምን ልተካላት? ብልቃጦቹን ነጠላዋ ላይ አራገፍኩላት።

"አላህ ያሽርልሽ! ክፉ አይንካሽ!" አለችኝ።

"አሜን" አልኩ።

ዊልቸሩን ስገፋ ወንድሜ ዞር ብሎ "ሰጠሻት?" አለኝ።

"ሰጠኋት።"

"ደግ አደረግሽ። የተረፈ መድኃኒት አይጣልም።"

በሩ ላይ ስደርስ ዞሬ አየሁ። የባሏ እግር ከብርድ ልብሱ ወጣ ብሏል። ገና ሙሉ ነው፤ ፋሻ የታሰረው አውራ ጣቱ ብቻ ነበር።