በሚስቴ እምነት የቀናሁበት ዓመት

ልጃችን በዓመት ከስድስት ወሯ ዱብቲ ሆስፒታል ውስጥ ስታርፍ ሚስቴ ለሥልጠና አዋሽ ሄዳ ነበር። መታመሟን በስልክ ስነግራት ወዲያው ሚኒባስ ተሳፈረች። መንገድ ላይ ግን አንድ ተሳቢ ተገልብጦ አስፋልቱን ስለዘጋው፣ የደረሰችው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

እኔ ሰመራ ሒሳብ አስተምራለሁ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ የተውኩት ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ተጣልቼ ሳይሆን እንዲሁ ቀርቶብኝ። ሚስቴ ግን ታምናለች። ከቀብሩ በኋላም ስለ ልጃችን የምታወራው በሕይወት እንዳለች አድርጋ ነበር። ሽሮ እያማሰለች «አሁን እኮ ትሮጣለች» ትለኛለች። ጎረቤታችን የአፋር ሴት ናት፤ እሷም ልጅ ቀብራለች። አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ሲጫወቱ እሰማቸዋለሁ።

«እህቴ፣ በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ እናቱን ጀነት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል» ትላታለች ጎረቤታችን።

«የኔም እዚያው ናት» ትላለች ሚስቴ።

አንዷ ጀነት፣ አንዷ ገነት እያሉ ይግባባሉ። እኔ ውስጥ ሆኜ የፈተና ወረቀት እያረምኩ እቃጠላለሁ። መጀመሪያ ሐዘን መስሎኝ ነበር። ቅናት ነው። የእነሱ ልጆች አሉ፤ የኔ ሞታለች።

አንድ ቀን ፕሮባብሊቲ አስተምሬ ተማሪዎቹ ሲወጡ፣ ሰሌዳው ላይ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ወደ ታች ማመንና አለማመን፣ ወደ ጎን ደግሞ ከሞት በኋላ ሕይወት አለ፣ የለም። ባምንና ባይኖር የማጣው ጥቂት የእሑድ ጠዋቶችን ነው። ባምንና ቢኖር ልጄን አገኛታለሁ። የመኖሩ ዕድል ምንም ያህል ትንሽ ይሁን፣ ጨርሶ ዜሮ እስካልሆነ ድረስ ማመን ያዋጣል። የጎረቤታችንን ጀነት የት እንደማስገባው ግን ግራ ገባኝ። ሌላ ዓምድ ጨመርኩ፣ መልሼ አጠፋሁት። በሁለቱም ልጄ አለች፤ እኔ ነኝ የሌለሁት።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ከሚስቴ ጋር ማስቀደስ ጀመርኩ። ጾምኩ። ደስ አላት፤ ምን እንዳመጣኝም አልጠየቀችኝም። ቅዳሴው መሐል ዓይኗን ስትጨፍን ፊቷ ይለወጣል። እኔ ጸሎቱን ትቼ እሷን በጎን አያለሁ። ስሌቱ ለምን ማመን እንዳለብኝ እንጂ እንዴት እንደማምን አልነገረኝም።

አንድ እሑድ ባጃጅ ውስጥ ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ዛሬ አየኋት፤ ፀጉሯ ረዝሟል» አለችኝ።

«የት አባትሽ አይተሻት ነው?» ብዬ ጮህኩባት።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየን። ቤት ገብተን በሩን ስትዘጋ «ምን አድርጌህ ነው?» አለች።

«ቀናሁብሽ» አልኳት። «አንቺ ልጅ አለሽ። እኔ በስሌት ላምን ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።» ሰንጠረዡንም ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም።

«እኔስ በማን የምቀና ይመስልሃል? በአንተ ነዋ! የመጨረሻዋን ሰዓት አቅፈሃታል። አንድ ቀን እንኳ ነግረኸኝ ታውቃለህ?»

እውነቷን ነው። ያችን ሰዓት ለራሴ ብቻ ሰስቼ ይዣት ነበር። ነገርኳት። ነርሷ ጓንት እንደ ፊኛ ነፍታ ለልጃችን እንደሰጠቻት፣ የጓንቱን አውራ ጣት ይዛ እንዳልለቀቀች። ከዚያ ለማንም ላልናገር የማልኩትን አወጣሁት።

«እማ ብላ ነበር። ሁለት ጊዜ።»

የተጠራሁት እኔ ስላልነበርኩ ነው የደበቅኩት።

ሚስቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «እንዴት አድርጋ አለች?» አለችኝ። ደገምኩላት። «እስቲ እንደገና» አለች። ደገምኩላት።

ከዚያ በኋላ መጾሜን ተውኩ። ቤተ ክርስቲያን አንዳንዴ አደርሳታለሁ። አላምንም፤ ቅናቱም ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ግን እንደ ድሮው አያስጮኸኝም።

በቅርቡ ሰሌን ልንገዛ አሳይታ ገበያ ወርደን ነበር። ሻጯ ለስንት ሰው እንደሚሆን ልታውቅ ፈልጋ «ስንት ልጆች አሏችሁ?» አለችን።

«አንድ» አለች ሚስቴ።

እኔ እንዲህ ስጠየቅ የለንም ማለት ነበር ልማዴ።

«ሴት ናት» አልኩ። ሴትየዋም ትልቁን ሰሌን ዘረጋችልን።