ያልቀመስኩት ዋፍል

አባቴ ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ ወዲህ ብቻቸውን መብላት ጀመሩ። እናቴ ካረፈች በኋላ ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲህ ካለው መንደራችን አምጥቼ እዚህ ላሊበላ ከእኛ ጋር አስቀምጫቸው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የስምንት ዓመት ልጃችንና እሳቸው ከአንድ ትሪ ስንበላ ኖርን። ከዚያ አንድ ቀን ከገጠር ይዘውት የመጡትን ሰማያዊ የቆርቆሮ ሳህን አንስተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። «የበሽተኛ እህል ከጤነኛ እህል ጋር አይቀላቀልም» አሉን። እኔም አመንኳቸው።

ያመንኩበት ምክንያት አለኝ፤ ያን ሰሞን ራሴን ሐኪም አድርጌ ሾሜ ነበር። ሥራዬ ሆቴል ውስጥ ቁርስ መሥራት ነው። ሰፈሩ ሼፍ ይለኛል፣ እኔም ተዉ ብዬ አላውቅም። ሐኪሙ ስለ አባቴ አመጋገብ አምስት ደቂቃ ቢያስረዳኝ፣ እኔ አምስት ዓመት የተማርኩ መሰለኝ። ትሪው ሲቀርብ ራሴ መጉረሴን ትቼ «አባየ፣ ድንቹ ይቅርብዎ። አባየ፣ ይህቺ የመጨረሻ ትሁን። ማሩን ደግሞ ማነው እዚህ ያመጣው?» እላለሁ። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የላስታን ነጭ ማር ላገር ምድሩ ሲያቀምሱ ያረጁትን ሰውዬ፣ ማሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌባቸው ቁልፉን ከአንገቴ መስቀል ጋር አሰርኩት። ይህን ሁሉ ፍቅር ነው ብዬ ነው የማደርገው።

እሳቸው ከተነሱ በኋላ ትሪው ሰፋብን። ልጄ ደግሞ ጭራሽ እንጀራዋን ጠቅልላ አያቷ ክፍል እየገባች መብላት አመጣች። ለምን ስላት «አባባ ጋ ስበላ ይጣፍጠኛል» አለችኝ። አንድ ወጥ፣ አንድ ድስት፤ እዚያ ሲደርስ የሚጣፍጥበት ምክንያት አልገባኝም። አባቴ ግን እየከሱ ሄዱ። ልጅ ሆኜ ቆሎ ደብቄ ስቆረጥም ሲያገኙኝ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብለው የሚቆጡኝ እሳቸው ነበሩ፤ አሁን የክፍላቸውን በር ገርበብ አድርገው ብቻቸውን ሲያላምጡ ስሰማ ያ ተረት ይመጣብኝ ጀመር። እንዲህ እንደተለያየን አንድ ቀን ያልፉብኛል ብዬ ፈራሁ።

ዋፍሉ የመጣልኝ በዚህ ፍርሃት መሐል ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ዋፍል ማለት ሊጡ በሁለት የጋሉ ብረቶች መሐል ተጨፍኖ የሚበስል፣ ገጹ እንደ መስኮት ፍርግርግ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ቂጣ ነው። ሆቴል ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቼዋለሁ። ነጭ ዱቄቱንና ስኳሩን አውጥቼ በገብስና በአጃ ዱቄት ብተካው፣ እንቁላልና ወተት ብጨምርበት፣ በማር ፈንታ እርጎ ባቀርብለት፣ አባቴ የሚበሉትን እኛም እንበላለን። የበሽተኛ እህል፣ የጤነኛ እህል የሚባል ነገር ያበቃል፤ እሳቸውም ወደ ትሪው ይመለሳሉ። ሐሳቡ እንዲህ ቀላል ነበር።

ችግሩ፣ ይህ ብልሃት የበራልኝ በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ መሆኑ ነው። በሁዳዴ እንቁላልና ወተት አባቴ ፊት ከማቅረብ እኔው ራሴ ብቀቀል ይሻለኛል። ስለዚህ ፋሲካን ጠበቅኩ። ፋሲካ አልፎ በመጣው እሑድ፣ እንግዳ ስለቀነሰ ሥራ ፈቶ የተቀመጠውን የዋፍል ማሽን የሆቴሉን ባለቤት አስፈቅጄ በፌስታል አንጠልጥዬ ወደ ቤቴ አመጣሁ።

አባቴ ሳይነጋ ወደ ቅዳሴ ሄደዋል። እኔ ከሆቴል ያመጣሁትን ነጭ ሽርጥ ታጥቄ፣ ማሽኑን ሳሎን መሐል በርጩማ ላይ ሰየምኩት። ባለቤቴ በሩን ተደግፋ ታየኛለች።

«ሼፍ አግብቼ ስንት ዓመቴ፣ እሳት ዳር ሳየው ዛሬ ገና ነው» አለች።

«አብሽሪ፤ ዛሬ ታይዋለሽ።»

«አጃውን ምን ልታደርገው ነው? አባባ አጃ የክፉ ቀን እህል ነው ነው የሚሉ።»

«ፈረንጅ አሁን በስንት ፍለጋ ነው የሚያገኘው» አልኳት። ስለ ልብና ስለ ደም ሥርም የሆነ ነገር ጨመርኩበት፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ እሷም ሳትሰማኝ ወደ ጓዳ ሄዳለች።

ሊጡን ሰፋ ባለ ጎድጓዳ ሳህን መታሁት። ጨው በእጄ አፍሼ ከላይ፣ ከትከሻዬ ቁመት ላይ በተንኩበት፤ ልጄ እያየችኝ ስለነበር ትንሽ ደገምኩት። ሙያ በልብ ነው፣ በማንኪያ መለካት ለጀማሪ ነው ብዬ አስተማርኳት። መብራት እንዳይጠፋብኝ ብቻ ነበር የምሳለው። መብራቱ እንኳ አልጠፋም። ኋላ ላይ ሳስበው፣ ቢጠፋ ኖሮ ቢያንስ የማመካኝበት አላጣም ነበር።

አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ስድስት ዋፍል ትሪው ላይ ተደርድሯል። መልኩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምር ነበር። ጸበል ጸዲቅ ያለ መስሏቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«አባየ፣ ይህ ለሁላችንም አንድ ላይ የተሠራ ነው» አልኳቸው። «ስኳር የለውም፣ ነጭ ዱቄት የለውም። እርስዎ ባርከው ካልቆረሱት ማናችንም አንነካውም።»

ባርኩልኝ ተብለው እምቢ እንደማይሉ አውቃለሁ፤ ያጠመድኩትም በዚያ ነው። ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። አቡነ ዘበሰማያት ደግመው፣ አንዱን ዋፍል አንስተው ሊቆርሱ ሞከሩ። አልተቆረሰም። ጎተቱት፤ ተለጠጠ። በጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲስቡት ለሁለት ሆነ፤ ያደሉን ያንን ነው።

ሁላችንም ጎረስን።

ልጄ አፏን ሳትዘጋ አየችኝ። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፍና ታላምጣለች። አባቴ ቀስ ብለው አላመጡ፣ አላመጡ፣ በመጨረሻ ዋጡ፤ ውሃ ጠጡ። እኔ አፍ ውስጥ ያለው ነገር ጨው ውስጥ የተነከረ የበሬ ቆዳ ይመስል ነበር።

«አንተ» አሉኝ አባቴ፣ «ይህን ነገር ቀምሰኸዋል?»

«ዛሬ አልቀመስኩም።»

«ዛሬስ ተወው። መቼ ቀምሰህ ታውቃለህ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም። ላሊበላ እንግዳ የሚበዛው ለገናና ለፋሲካ ነው፤ ከሁለቱም በዓል በፊት ደግሞ ጾም አለ። እኛ አብሳዮቹ እንቁላሉንም ወተቱንም ሥጋውንም በጠረንና በቀለም ነው የምንሠራው፤ ምላሳችን ላይ አይደርስም። በዓሉ አልፎ ስንገድፍ ደግሞ ጥብስ እያለ ዋፍል የሚያምረው ማን ነው? አንዴ ሳልቀምስ ጀመርኩ፣ ሳልቀምስ ቀጠልኩ። ፈረንጆቹም እላዩ ላይ ማርና ማርማላታ ሲያፈሱበት አያለሁ፤ አፍስሰው አፍስሰው ሲጨርሱ «ቬሪ ናይስ» ይሉኛል። ለካ ያን ሁሉ ዓመት የተመሰገነው ማሩ ነው። ዛሬ ማሩን ቆልፌበት በእርጎ ሳቀርበው ገመናዬ ወጣ።

«ኧረ መቼም ቀምሼው አላውቅም» አልኩ።

አባቴ «ፈረንጆቹ ግን ምን በደሉህ?» አሉኝ።

ባለቤቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች፣ ልጄ የሚያስቀው ሳይገባት እናቷን አይታ ሳቀች፣ አባቴም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። አባቴ ሲስቁ ካየሁ ስንት ወር እንደሆነኝ አላውቅም። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ትሪው ላይ አቀርቅሬ የራሴን ዋፍል እንደ ቅጣት አላምጣለሁ። ቀና ብዬ ማንንም የማይበት ዓይን አልነበረኝም።

«አየህ» አሉ አባቴ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ። «እንዲህ አቀርቅረህ መብላት ትችላለህ ለካ።»

ምን ለማለት እንደፈለጉ ሳይገባኝ ቀና አልኩ።

«በሽታው አልከፋኝም፣ ልጄ። የሰጠ እግዜር ነው። ማሩም ይቅር፤ ስንቱን ማር በልቻለሁ። የከፋኝ እህል ባነሳሁ ቁጥር ዓይንህ ከእጄ ጋር ሲወጣና ሲወርድ ነው። በልጄ ቤት እንደ ሌባ እየተጠበቅሁ መብላት አቃተኝ። እሷ አትጠብቀኝም» ብለው ልጄን በአገጫቸው አሳዩኝ፣ «ከእሷ ጋር እህሉ ይወርድልኛል።»

ባለቤቴ ወደ መሬት አየች። ታውቅ ነበር ማለት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ያላወቀ፣ ስለ ምግብ አውቃለሁ የሚለው ብቻ ነበር። አፈርኩ፣ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ ዕንባዬም መጣ፣ እሱን ግን በጨው አመካኘሁት። ከአንገቴ ላይ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ፈትቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩና፣ ፊቴን ለመደበቅ ያህል ወደ ማሽኑ ዞርኩ።

«ዱቄት ጨምርበት» አሉኝ ከኋላዬ። «ወተትም። ጨው ግን እንዳትነካ። መጀመሪያ የወጣውን ለእኔ አምጣው፤ የሚቀምስ ሰው ነው ያጣኸው።»

ጨመርኩ፤ መታሁ፤ የወጣውን ሳልዞር በእጄ ወደ ኋላ አቀበልኳቸው። «ገና ነው» አሉ። እንቁላል ጨመርኩ። ሁለተኛውን አቀበልኩ። «አሁን ወደ እህልነት መጣ» አሉ። ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ሰማሁ፤ «ለእኔ እርጎው ይበቃኛል፣ ማሩን ለልጅቱ አድርጊላት» ብለው ለባለቤቴ ሲሰጧትም ሰማሁ። አልዞርኩም።

ከዚያ ተነሱ። ደግሞ ወደ ክፍላቸው ሊገቡ ነው ብዬ ደንግጬ ዞርኩ። የገቡትስ ገብተዋል፤ ግን ወዲያው ሰማያዊውን ሳህን ይዘው ወጡና ያንን የመጀመሪያውን ጨዋማ ዋፍል ሁሉ ሰብስበው ጨመሩበት። ደጅ ላይ ወደተኛው ውሻችን ሄደው ሳህኑን ፊቱ አስቀመጡለት። በእኛ አገር ውሻ የላሰው ሳህን ዳግመኛ ለሰው አይቀርብበትም፤ ይህን ከአባቴ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ውይ አባባ፣ ሳህንዎን እኮ ነው» አለች ባለቤቴ።

«ውሻው ሳህን አልነበረውም» አሉና ከዘራቸውን ወደ ቦታው መልሰው ትሪው ዙሪያ ተቀመጡ።

ውሻው አንዴ ላሰውና ትቶት ሄደ። እኔ ወደ ማሽኑ ተመልሼ ሊጡ እስኪያልቅ ድረስ ጀርባዬን ሰጥቼ እየጋገርኩ ወደ ኋላ አቀብል ነበር፤ ትሪው ላይ የተረፈ አልነበረም። አባቴ ያን ቀን ስንት እንደበሉ እስከ ዛሬ አላውቅም።