ዓይኑን የሚጨፍነው የአባቴ መኪና

ልጅ እያለሁ አባቴ ዓይኑን የሚጨፍን መኪና ነበረው። ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ ሥሪት፣ ባለ ሁለት በር፣ አፍንጫው የረዘመ አሮጌ መኪና ነው። የፊት መብራቶቹ ቀን ቀን በብረት ክዳን ተሸፍነው ይውላሉ፤ ብርሃን ሲፈለግ ክዳኖቹ ወደ ውስጥ ይታጠፉና መብራቶቹ ብቅ ይላሉ። አባቴ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠራ አሠሪው በደሞዙ ፋንታ የሰጠው ነው አሉ። መንግሥት ሲለወጥ እየነዳ ወደ አገሩ ወደ መንዝ ገባና ወፍጮ ቤት ከፈተ። በዚያ ኮረኮንች ሆዱ እየተፋቀ እንዴት እንደደረሰ እሱና ፈጣሪው ናቸው የሚያውቁት። እኔ የማልረሳው ሽታውን ነው፤ ቤንዚን፣ ያረጀ ቆዳ፣ ከአባቴ ልብስ የሚራገፍ የገብስ ዱቄት።

ክዳኖቹን የሚከፍታቸው ሞተሩ አየር ሲስብ በቀጭን የላስቲክ ቱቦ በኩል የሚመጣ ኃይል ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደኅና ይሠራ የነበረው ነገር እኛ አገር ከፍታ ላይ ሲደርስ ሰነፈ። በተለይ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ስበቱ ይደክምና ክዳኖቹ ቀስ እያሉ ይገጠማሉ። አባቴ "እንቅልፉ መጣ" እያለ ይስቃል። እናቴ ግን አትስቅም። የጓሳን ተራራ ጉም የሚያውቅ ሰው በዚህ አይስቅም። እዚያ ጉም ሲወርድ በቀትር እንኳ የዘረጉት እጅ አይታይም፤ መንገዱ ደግሞ ብዙ ቦታ ላይ አንድ ጎኑ ገደል ነው። እኔ ከልጅነቴ ፈሪ ስለነበርኩ በዚያ ባለፍን ቁጥር ዓይኔን ከክዳኖቹ አልነቅልም ነበር።

ቀልዱ ያበቃው ታላቅ ወንድሜ ንጉሤ ከጓሳ ማዶ፣ ከይፋት በኩል፣ የሺ የምትባል ልጅ ስትታጭለት ነው። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ፤ የበልግ ዝናብና ጉም የማይለቅበት ወቅት። አባቴ ሙሽራዋን በራሴ መኪና ካላመጣሁ ሞቼ እገኛለሁ አለ። እናቴ ሌላ መኪና እንከራይ ብላ ለመነችው። እንቢ ሲላት፣ እንግዲያው ክዳኖቹን ነቅለህ ጣላቸው፣ ዓይኑን የሚጨፍን ነገር ልጆቼን አይጭንም አለችው። እሱ ደግሞ ክዳኑ ከተነቀለ ቁንጅናው አለቀ ባይ ነው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስለ ክዳን እንጂ ስለ ድግስ የተወራ አይመስለኝም። ንጉሤ በእጅ ይሁን አለ፤ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ከክዳኑ እስከ ሹፌሩ ጉልበት ይዘረጋና ሲፈለግ መጎተት ነው፣ የሚበላሽ ነገር የለውም። አባቴ ቱቦውን በአዲስ ለመቀየር ጥቂት ቀን ካሰበ በኋላ ተወው፤ አዲስ ቱቦ የጓሳን ዳገት ዝቅ አያደርገውማ። የንጉሤን ሽቦ ግን ናቀው። ሙሽራ ጭኜ እንደ ደወል መቺ ገመድ ስጎትት ልታይ ነው ወይ አለ። በመጨረሻ ከተገለበጠ የጭነት መኪና ላይ የዝናብ መጥረጊያውን ሞተር አስፈታና በባትሪ እንዲሠራ አደረገው።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ማብሪያውን ሲጫን ክዳኖቹ እያቃሰቱ ተከፈቱ። ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች እልል አሉ። እኔ ያን ማቃሰት አልወደድኩትም። እናቴ ከሩቅ ሆና አየችና፣ "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በዚህ የምትመጣን ሙሽራ ወጥቼ አልቀበልም" ብላ ገባች። እናቴ ያለችውን የምታደርግ ሴት ነበረች። አማት ሳትቀበላት የምትገባ ሙሽራ ምን ይውጣታል እያልኩ፣ ገና ላላየኋት ለየሺ አዘንኩ።

የሠርጉ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እኔ የሙሽራው እህት ተብዬ ከፊት፣ ከአባቴ ጎን ተቀመጥኩ። የሺ ቤት ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተለቀሰ። እኛ ስንበላ አክስቶቿ መኪናውን ሲያስጌጡ ቆዩ። ሰፊ ቀይ ሪባን በአፍንጫው ላይ ደጋግመው ጠምጥመው፣ እንዳይፈታ አድርገው ቋጠሩት። ክዳኖቹ ከሪባኑ ሥር መሆናቸውን ከእኛ ወገን ልብ ያለ የለም። አባቴማ አማረ ብሎ መርቋቸዋል።

የሺን ከነቬሎዋ በዚያ ጠባብ በር የኋላ ወንበር ላይ ማስገባት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ንጉሤና ሚዜው በግራና በቀኝ ተጣበቁባት። አጃቢ የጫነው አይሱዙ ቀድሞን ሄደ። ዳገቱን ጨርሰን ጓሳ ላይ ስንወጣ ጉሙ መጣ። መጣ ማለት ያንሰዋል፣ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። አባቴ ማብሪያውን ተጫነ። የክዳኑ ሞተር አቃሰተ፣ አሁንም አቃሰተ፣ ከዚያ የተቃጠለ ሽቦ ሸተተኝና ጸጥ አለ። መብራቱስ በርቷል፤ ግን ከተገጠመው ክዳን ጠርዝ ላይ ቢጫ መስመር ሆኖ ነው የሚታየው። አባቴ ፍሬን ያዘ። መሪው ላይ እንዳለ ሲያማትብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ አባት የሚፈራ አይመስለኝም ነበር።

ወንዶቹ ወረዱ። ሪባኑን ቆርጠው ክዳኖቹን በእጅ ቢገፏቸው ይከፈታሉ፣ ሲለቋቸው ግን የሚዘጋቸው ሞላ ስቦ ይመልሳቸዋል። በሪባኑ ሊያስሯቸው ሞከሩ፤ ወደ ውስጥ የሚታጠፉ ስለሆኑ መቋጠሪያ የላቸውም። ድንጋይ ሸጎጡ፤ መኪናው ትንሽ እንደሄደ ተንሸራትቶ ወደቀ። ቆሞ መጠበቅም አይቻልም፤ ከኋላ የሚመጣ መኪና አያየንም፣ ብርዱም ቆላ ላደገች ልጅ የሚቻል አይደለም። እኔ እመቤቴን እየጠራሁ የነጠላዬን ጫፍ አኝካለሁ።

በእኛ ወግ ሙሽራ አትናገርም። አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች፣ አማቷ ቤት እስክትገባ ድምጿ አይሰማም። ከኋላዬ፣ ከዚያ ሁሉ ቬሎ ውስጥ ግን ድምፅ ወጣ።

"አባባ፣ ጫማዬን ይሸጉጡበት። ተረከዙ ይይዘዋል።"

አባቴ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ አያት። "በባዶ እግርሽ ልትገቢ ነው፣ ልጄ?"

"መቼ በእግሬ እገባና? ሚዜ ተሸክሞኝ አይደል?"

ሚዜው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሁላችንም ሳቅን፣ በፍርሃት የሚሳቀውን ሳቅ። ነጫጭ ጫማዎቿ በየክዳኑ ሥር ተሸጎጡ፤ ተረከዛቸው ገጥሞ ያዘ፣ ብርሃኑም ጉሙ ውስጥ ወጣ። ንጉሤ በሙሽራ ልብሱ ከፊት እየሄደ የመንገዱን ዳር ያሳያል፣ አባቴ በዝግታ ይከተለዋል። መኪናው በነጠረ ቁጥር አሁን ወደቁ፣ አሁን ወደቁ እያልኩ ትንፋሼን እይዛለሁ። አልወደቁም።

ስንደርስ ሊመሽ ነበር። አይሱዙው ያለእኛ በመድረሱ ዘፈኑ ቆሟል። አልቀበልም ያለችው እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። መኪናውን አየች፣ የተሸጎጡትን ጫማዎች አየች። አባቴን አሁን ልክ ታስገባዋለች ብዬ ተሸማቀቅሁ። እሷ ግን ጫማዎቹን ነቅላ ጭቃቸውን በቀሚሷ ጠረገች። ሚዜው የሺን ሊሸከም ሲያጎነብስ በእጇ ገታችው፤ መኪናው በር ሥር ተንበርክካ ለምራቷ ጫማዋን አጠለቀችላት። አማት ለምራት ስትንበረከክ ያየ ጎረቤት አልነበረምና ሁሉም አፉን ያዘ።

"በእግርሽ ግቢ" አለቻት።

አባቴ በዚያው ሳምንት ማንም ሳያዘው ክዳኖቹን ነቀላቸው።

ዛሬ አባቴም እናቴም የሉም። ዘንድሮ የየሺን ልጅ ስንድር የተከራየነው መኪና ጉሙን ሲያይ መብራቱን ራሱ አበራ። ሹፌሩ ሙዚቃውን እንደከፈተ ጓሳን አለፈ፤ የወረደ የለም፣ የጸለየ የለም። ደግ ነው፣ ያን ጭንቅ ለማንም አልመኝም። አጠገቤ የተቀመጠችውን የሺን፣ ያን ቀን ጉሙ እንዴት እንደነበር ታስታውሻለሽ ወይ አልኳት። ጉሙን እንኳ ረስቼዋለሁ አለችኝ።

"እኔ የማልረሳው የእናትሽን እጅ ነው። ጫማውን ስታጠልቅልኝ እጇ ከእኔ ባዶ እግር ይልቅ ይቀዘቅዝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ውጭ ቆማ ስትጠብቀን እንደዋለች ያኔ ገባኝ።"