ጉልበቴ ድኖ እኔ ያልዳንኩበት ዓመት

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው። በመምህራን የእግር ኳስ ግጥሚያ ላይ ኳስ በጭንቅላቴ ገጭቼ መሬት ስረግጥ ቀኝ ጉልበቴ ውስጥ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማኝ። ወደቅኩ። እስኪመሽ ጉልበቴ አብጦ ሱሪዬ አልወልቅ አለ። ያኔ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር የስፖርት መምህር ነበርኩ።

ሐኪሙ እግሬን ወዲህ ወዲያ አንቀሳቅሶ፣ "አጥንቶቹን የሚያያይዘው ጅማት፣ ሊጋመንቱ፣ በከፊል ተበጥሷል፤ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም" አለ። ጀሶ አሰሩልኝ። ጀሶው ሲፈታ ጭኔ ቀጥኖ የሌላ ሰው እግር መሰለኝ።

ከዚያ ማርታ የምትባል ፊዚዮቴራፒስት ተረከበችኝ። መጀመሪያ ማጠፍ፣ ቀጥሎ መቆም፣ በኋላም ደረጃ መውጣትና መውረድ እያለማመደችኝ፣ ስነጫነጭም "መምህር፣ ተማሪዎችዎም እንዲህ ያስቸግሩዎታል?" እያለች ወራት ቆየን። አንድ ቀን ሁለቱንም ጭኖቼን በሜትር ለክታ፣ "ጉልበትዎ ድኗል። ሩጫውን ግን ቀስ ብለው ይጀምሩ" አለችኝ። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ይዤ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን ደጋ ላይ ባለችው መንደራችን በኦቾሎ የሚኖረው አጎቴ አረፈ። በእኛ ደጋ ትልቅ ሰው ሲሞት ወንዶች ጦር ይዘው በለቅሶው ሜዳ ይሮጣሉ። እኔም ሮጥኩ። ጉልበቴ ቻለ። ትንፋሼ አጠረ። የልቤ ምት ጆሮዬ ውስጥ ደወለ። ዓይኔ ጨለመ። ወደቅኩ።

ውሃ ሲረጩብኝ ነቃሁ። ለቀስተኛው "ሐዘን ጣለው፤ አጎቱን እንዴት ቢወደው ነው!" እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል። ሐዘኑማ ነበር፤ የጣለኝ ግን እሱ አልነበረም። ይህ የገባው አባቴ ብቻ ነው። በዱላው ተደግፎ አጠገቤ ቁጭ አለና፣ "ለአጎትህ ወደቅህ። ለኔስ ማነው የሚሮጠው?" አለኝ። እየቀለደ ነበር። እኔ ግን የበኩር ልጁ ነኝ፤ መሳቅ አቃተኝ።

ልቤ ታሟል ብዬ ፈራሁ። ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠ፤ ደም አስመረመረ። ወባም፣ የደም ማነስም፣ የልብ በሽታም የለብህም አለኝ። ማርታ ዘንድ ሄጄ አማረርኩ። "የእኔ ሥራ የተጎዳውን አካል መመለስ ነው" አለች ሳትቆጣ፤ "ልብና ሳንባን ማጎልበት የሌላ ሰው ሙያ ነው።"

ወደ ታደሰ የላከችኝ እሷ ናት። ታደሰ የአካል እንቅስቃሴ ፊዚዮሎጂ የተማረ፣ በክረምት መምህራንን ሊያሠለጥን የመጣ ሰው ነው። የእንጨት ሳጥን ላይ ደጋግሞ አስወጥቶ አወረደኝና ሰዓቱን እያየ የልብ ምቴን ቆጠረ። "ልብህ አልታመመም" አለኝ፤ "ጀሶ ውስጥ የከረመው እግርህ ብቻ መሰለህ? ልብህና ሳንባህም ያለ ሥራ ከርመዋል።" ለስፖርት መምህር ይህን መስማት ደስ አይልም።

ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ፈጠን ብዬ ከመራመድ ጀመርኩ፤ ከዚያ እርምጃና ሩጫ እያፈራረቅኩ፣ የልብ ምቴን ራሴ በጣቴ እየለካሁ፣ ውሎ አድሮ ወደ ጨንቻ የሚያወጣውን ዳገት በዝግታም ቢሆን ሳልቆም ለመሮጥ በቃሁ። በመካከሉ ጉልበቴ ሲያብጥ ታደሰ አይነካውም፤ "ይሄ የማርታ ነው" ብሎ ይልከኛል። እሷም ስለ ትንፋሼ ስጠይቃት ወደ እሱ ትመልሰኛለች። መጀመሪያ አንዱ ወደ ሌላው የሚገፉኝ መስሎኝ ተናድጄ ነበር። ለካ እያንዳንዳቸው የሙያቸውን ድንበር ያውቃሉ። ዛሬ ሁለቱንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

እንደ እኔ ተጎድተህ ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ እህቴም፣ "ድነሃል" ሲሉህ ምንህ እንደዳነ ጠይቅ። ጉዳትን የሚያክም አለ፤ አቅምን ለክቶ የሚገነባም አለ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይተካም። አንዱ ጋ ስትጨርስ ሁሉም ያለቀ አይምሰልህ።

አባቴ በቀጣዩ ዓመት አረፈ። ጦሩን ይዤ ሮጥኩ። ሜዳውን ዞርኩ፤ ደግሜ ዞርኩ። ጉልበቴም ትንፋሼም አልከዱኝም። ሩጫው ሲያበቃ ጦሩን ለወንድሜ ሰጥቼ አስከሬኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። መነሳት አቃተኝ። በዚህኛው ለቅሶ ሐዘን ጣለው ያሉት እውነታቸውን ነበር።